ጂንስ በእጣ

የልጅ ልጄ ከወልቂጤ ስትመጣ መጀመሪያ የምታደርገው ጫማዋን በር ላይ ጥላ፣ ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ መቀመጥ ነው። ያን ዓርብ ግን አልተቀመጠችም። ሻይ ሰጠኋት፣ ቆማ ጠጣች። ዳቦ ቆረስኩላት፣ ግድግዳ ተደግፋ በላች።

«ቁጭ በዪ እንጂ፣ ምሰሶ ነሽ?» አልኳት።

«ተቀምጬ ነው የመጣሁት፣ እማ። ትንሽ ልቁም።»

እውነት ይመስላል። ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ በሚኒባስ ተጣብቦ የመጣ ሰው መቆም ያምረዋል። ግን ብርጭቆውን ልትመልስ ወደ ጓዳ ስትሄድ ቀኝ እግሯን የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው በጥንቃቄ አንስታ ስታስቀምጥ አየኋት። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል።

«ቀሚስሽን ግለጪ» አልኳት።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ያልሆነ እግር አይደበቅም። ግለጪ።»

ከጉልበቷ ከፍ ብሎ ቆዳዋ ተልጧል። ቁስሎቹ ምስር ምስር ያካክላሉ፤ አንዱ ግን ባቄላ ያህላል። ጠርዙ ላይ ጥቁር ነገር እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ቅባት ተሰጥቷታል፤ እኔ እንዳላይ ግን ቅባቱን ቦርሳዋ ታች ሸሽጋዋለች።

«የብየዳ ፍንጣሪ ነው» አለች። «ፍንጣሪው እንኳ ወዲያው ነው የሚጠፋው። ሱሪዬ ነው የቀለጠው።»

«ጨርቅ ይቀልጣል እንዴ?»

«ስትሬች ነዋ፣ እማ፣ የሚለጠጠው። ቀልጦ ቆዳዬ ላይ ተጣበቀ።»

ወልቂጤ ቴክኒክና ሙያ ገብታ የምትማረው ብየዳ ነው። ክፍላቸው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሦስት ብቻ ናቸው። አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ነገሩን ከመጀመሪያውም አልወደደው። ሴት ልጅ ከብረት ጋር ምን አላት ይላል። እኔ ግን ባለፈው ረመዳን ለእረፍት መጥታ፣ በትከሻ ካልገፉት የማይዘጋውን የግቢያችንን የብረት በር ከጎረቤት ባመጣችው ማሽን ስታቃናው ቆሜ አይቻለሁ። ዛሬ ያ በር በአንድ ጣት ይዘጋል። ልጄ ሲያጉረመርም፣ «እየገፋህ ስትገባ የኖርከው አንተ ነህ። አሁን በጣትህ እየዘጋህ አታማት» አልኩት።

ቅባቱን እየቀባሁላት የቀረውን ነገረችኝ። ሰኞ የተግባር ምዘና አለባቸው። አስተማሪው እሷ ከተቃጠለች በኋላ ተማሪውን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ የሚለጠጥ ሱሪ የለበሰ ወርክሾፕ አይገባም ብሏል። ወፍራም ጂንስ፣ ያውም ንጹሕ ጥጥ መሆን አለበት። ትምህርት ቤቱ ያሉት ቱታዎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ለረጃጅም ወንዶች የተሰፉ ስለሆኑ እሷን ጠልፈው ይጥሏታል። ምዘናው ያመለጠው ሌላ ዙር ይጠብቃል። አባቷ ደግሞ ሌላ ዙር የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

«ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ክፍል ልዛወር እያልኩ ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። «እዚያ የፈለጉትን ለብሶ መግባት ነው።»

«ልዛወር ነው ወይስ እያልኩ ነው?»

«እያልኩ ነው።»

«እሺ። እንግዲህ እያልሽ ቆዪ። ያሉሽን ሱሪዎች አምጪልኝ።»

ከሻንጣዋ ጂንሶቿን አወጣች። አንዱን በሁለት እጄ በጎን ያዝኩና ሳብኩት፤ መጣልኝ። ሌላውንም ሳብኩት፤ እሱም መጣ። ልጆች ከሚጫወቱበት ላስቲክ አይለዩም። ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ድረስ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ ጨርቅ እጄ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሆነ እጄ ይነግረኛል። እሷ ግን በዓይኗ እንድታይ ፈለግሁ። ከጠርዙ ክር መዘዝኩና ክብሪት ጫርኩበት። ጥጥ ሲነድ እንደ ወረቀት ነው የሚነደው፤ ሽታውም የወረቀት ነው፤ አመዱን በጣት ሲነኩት ይበናል። ይኼኛው ግን ተሸማቀቀና ጫፉ ላይ እንደ ጎመን ዘር ድቡልቡል ብሎ ደረቀ። ሸተተኝ። የተቃጠለ ፌስታል ነው።

«ይኼን ነው ጭንሽ ላይ ያሰርሽው» አልኳት።

«ሌላ የለማ። የሴት ሲባል ሁሉም ይኼ ነው። ወንዶቹ ግን ወፍራሙን ለብሰው ነው የሚመጡት፣ የታላቅ ወንድማቸውን፣ የአባታቸውን።»

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ለወንዱ ልጅ ጥጥ፣ ለሴቷ ፌስታል። እሳቱ ወንድ ሴት አይልም። አንዳንድ የሠፈር ሰው፣ የልጅ ልጅሽ ሱሪ ትለብሳለች ወይ እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ገላ ላይ ከተጣበቀ ቀሚስ ሰፋ ያለ ሱሪ ከነረጅም ሸሚዙ ይሻላል ብዬ እመልሳለሁ። ስለዚህ የማይለጠጥ ሱሪ ከሁለት በኩል ለእኔ የሚስማማኝ ነገር ነበር። አገር የሚያህል ገበያ እያለ እንዴት አንድ ይጠፋል አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። በመጀመሪያ የገባነው አስፋልቱ ዳር ካለው አዲስ ሱቅ ነው። ሻጩ ወጣት ነው፤ ፀጉሩን ጎን ለጎን ተላጭቶ መሐሉን ቆልሎታል።

«ምን ልታዘዝ፣ ማዘር?»

«ጂንስ። ለእሷ። የማይሳብ።»

አንድ እቅፍ አመጣ። የመጀመሪያውን ሳብኩት፤ እስከ ደረቴ ድረስ ተለጠጠ።

«ጥራቱ እሱ ነው፣ ማዘር» አለ። «ሰውነት ይዞ ነው የሚሄደው።»

«ሰውነቷን እሷ ይዛ ትሄዳለች። ሱሪው ራሱን ይያዝ።»

ልጅቷ፣ «እማ፣ ቀስ» አለችኝ። ሻጩ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ከሥር ሌላ መዝዞ፣ ይኼማ ጥጥ ነው አለ። የልብስን ውስጥ መገልበጥ ልማዴ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ከዚያም ጥቂት ክፍል ገፍቻለሁ። እንግሊዝኛ አላነብም። ቁጥር ግን በየትኛውም አገር ቁጥር ነው። ጎኑ ላይ የተሰፋችውን ትንሿን ጨርቅ አገላብጬ አየሁ። መቶ አይልም፤ ዘጠና ስምንት ነው የሚለው።

«ሁለቷ የት ሄደች?»

«ሁለት ምን አላት፣ ማዘር? ትንሽ እኮ ናት።»

«ወተት ውስጥ የምትገባ ናፍጣም ትንሽ ናት።»

ጎን የቆመ ደንበኛ ሳቀ። ሻጩም ሳቀ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። የወንድ አምጣ አልኩት፤ አመጣ። የወንዱም ተለጠጠ። ወንዶቹም መለጠጥ ጀመሩ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ፋሽኑ ነው አለኝ። በየሱቁ ዞርን፤ ነገሩ ያው ነው። ልጅቷ መንገድ ላይ እግሯን እያሳረፈች ከኋላዬ መቅረት ጀመረች። የጽሕፈት ክፍሉን እያሰበች እንደሆነ አውቄአለሁ።

«ሰልባጅ ተራ እንሂድ» አልኳት።

«የድሮ ልብስ ነው እኮ፣ እማ።»

«ድሮ ጥጥ ነበረ።»

ሰልባጅ ተራ ውስጥ የድሮ ጎረቤቴ አለች። የቸሃ ሰው ናት። ሸራችን ተያይዞ፣ ዝናብ ሲመጣ አንዳችን የሌላችንን ልብስ እየሸፈንን ብዙ ዘመን ሸጠናል። እሷ ክርስቲያን ናት፤ እኔን ባየች ቁጥር ግን ሆን ብላ፣ «አሰላሙ አለይኪ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ፣ «እግዜር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ» እላታለሁ። እንዲህ ስንባባል አርጅተናል።

ስንደርስ አዲስ ቦንዳ፣ ተጠቅጥቆ የታሰረ የልብስ እስር፣ ሊከፈት ነው። ሁሉም ጂንስ ነው አለችኝ።

«እጅሽን አላህ ነው ያመጣው» አለች ጎረቤቴ። «አንዷ ባለድርሻ ለቅሶ ሄዳ ቀርታለች፤ ድርሻዬን የፈለገ ከፍሎ ይውሰደው ብላለች። እሱን አንቺ ያዢ። ደግሞም መድቢልን።»

መድቢልን ያለችው ነገር እንዲህ ነው። ቦንዳ ለአንድ ሰው ከባድ ስለሆነ ሴቶቹ ተሰባስበው ነው የሚገዙት። እኛ በጀመርንበት ዘመን ቦንዳው ሲፈታ ጉልበት ያላት ከላይ ከላይ ምርጡን ትነጥቃለች፤ አፍ የሌላት ቡትቶውን ታቅፋ ትሄዳለች። ይህን ማየት አቃተኝ። እኛ ለአረፋ፣ እነ ጎረቤቴ ለመስቀል በሬ ስንቃረጥ እንዲህ አናደርግም። ቅርጫ ላይ ሥጋው ይመደባል፤ ከጎድኑም፣ ከታናሹም፣ ከሻኛውም፣ ከአጥንቱም በየመደቡ እኩል ይደረጋል፤ ከዚያ እጣ ይጣላል። የደረሰህን ይዘህ ትሄዳለህ። ጂንሱም፣ ሹራቡም እንደ ሥጋው ይመደብ አልኩ። እጣ ከወጣ በኋላ ደግሞ መለዋወጥ የለም፤ መለዋወጥ ከተፈቀደ ጉልበተኛዋ ደካማዋን አስፈራርታ ትቀማታለች። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ደንብ ሆነ። እኔ ከተውኩ በኋላም በዚያው እንደቀጠሉ ነበር የማውቀው።

ሸራው ላይ ተቀመጥኩ፤ የቦንዳው ማሰሪያ ተቆረጠ። ጂንሱ እንደ ጎርፍ ወጣ። ጎረቤቴ አለች፤ ልጅ ያዘለች ወጣት እናት አለች፤ ከእኔ ጋር አራተኛዋ ደግሞ ረጅም፣ ኮስታራ ሴት ናት፤ የልጆች ልብስ ነው የምትሸጠው። እኔ እየሳብኩ፣ እያገላበጥኩ መመደብ ጀመርኩ። ደህናውን ከደህናው፣ የተቀደደውን ከተቀደደው፣ ለአራት።

ከመካከል አንድ መጣ። ገና ስይዘው ከበደኝ። ጥቁር ሰማያዊ ነው። በጎን ሳብኩት፣ አልመጣም። ደግሜ ሳብኩት፤ እንደ በቅሎ እምቢ አለ። ጉልበቱን በብርሃን አየሁ፤ አልሳሳም፣ አልተንጠለጠለም። ስፌቱ ድርብ ነው። የኪሱ ጥግ ላይ የተመቱት የመዳብ ምስማሮች አንዳቸውም አልወለቁም። ዚፑ የብረት ነው፤ ሁለት ሦስቴ ባመላልሰው እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ውስጡን ገለበጥኩ፤ መቶ ይላል። ልጅቷን ጎንበስ በይ አልኳትና ወገቡን አንገቷ ላይ ጠመጠምኩት፤ ሁለቱ ጫፎች ማጅራቷ ላይ ተገናኙ። በአንገት የሞላ በወገብ ይሞላል። ልጅቷ አየችኝ። እኔም አየኋት።

ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ከሥርሽ አድርጊውና ቀሚስሽን ዘርግተሽ ተቀመጪበት» አለችኝ።

«ዶሮ ነኝ እንዴ የምታቀፈው?»

«ለልጅቷ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ማን ይጠይቅሻል?»

«እኔው ራሴን እጠይቃለሁ።»

ወስጄ ሦስተኛው መደብ ላይ ጣልኩት። ያ መደብ እንዳይበልጥ ከእሱ ሌላ ደህና ሱሪ አንስቼ ወደ አንደኛው አዞርኩ።

እጣ የምንጥለው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ትንሽ ዕቃ እናዋጣለን፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። እኔ ቁልፍ ሰጠሁ፤ ጎረቤቴ የክብሪት እንጨት፤ ወጣቷ እናት የፀጉር ሽቦ፤ ኮስታራዋ ቆርኪ። ዳር ላይ ሰው የሚጠብቅ ባለባጃጅ ነበር፤ ጠራነው።

«ምን እሸለማለሁ?» አለ።

«ምርቃት» አለችው ጎረቤቴ።

«ምርቃት ቤንዚን አይሆንም እንጂ እሺ።»

ዕቃዎቹን በመዳፉ ውስጥ አናወጠና ጣለ። ሦስተኛው መደብ ላይ የወደቀው ቆርኪው ነው። ቁልፌ አራተኛው ላይ ነበር።

የእኔ መደብ ውስጥ ያለውን ስናወጣ ስስ የሚለጠጡ የሴት ሱሪዎች፣ ጉልበታቸው የተቀደደ ሁለት፣ የልጆች ሱሪዎች፣ ደግሞም አንድ የግዙፍ ሰው ጂንስ ወጣ። ይኼኛው ንጹሕ ጥጥ ነው፤ ግን በአንዱ እግሩ ውስጥ እኔና ልጅቷ አብረን እንገባለን። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ማጠፍ ጀመረች። ያን ጊዜ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ኮስታራዋ ሴት ቆርኪዋን አንስታ ያን ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ከመደቧ ላይ አነሳችው። «ልጅቷ የፈለገችው ይኼንን አይደል?» አለች።

«እጣ ነው» አልኳት። «እጣ አይለወጥም።»

«እኔ እኮ…»

«አይለወጥም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለልጅ ልጄ ሲሆን ላፍርሰው?»

በራሴ ኮርቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀና ብዬም ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ ልጅቷ የግዙፉን ሰው ጂንስ አነሳች፤ በቀሚሷ ላይ አጠለቀችው፤ ሽቅብ ጎትታ ብብቷ ሥር ያዘችው። ወጣቷ እናት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባለባጃጁ ግን ሳቁን አልያዘም።

«እማ» አለች የልጅ ልጄ፣ «ይኼ ድርሻዬ ነው?»

«ድርሻሽ ነው።»

«እኩል ነው?»

«እኩል ነው። እንደውም ከሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው።»

እጇን ለቀቀች። ሱሪው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወረደ።

«ሥጋ ለሁሉም ሆድ ይሆናል፣ እማ። ሱሪ ግን ለሁሉም ወገብ አይሆንም። አንቺ እኮ የመደብሽው ሱሪ ነው።»

እሷ ቀጠለች፤ ድምጿን አላነሳችም። «እኔ ሰኞ ከበሩ ላይ ልመለስ ነው። እሷ የማትሸጠውን ሱሪ ይዛ፣ እኔ የማልለብሰውን ሱሪ ይዤ፣ ሁላችንም እኩል ሆነን።»

«ትናንት ወደ ጽሕፈት ክፍል ልዛወር ያለችው ማን ናት?» አልኳት።

«ትናንት ነዋ። ዛሬ ያንን ሱሪ አየሁ። መግባት እፈልጋለሁ። ብየዳውን እፈልገዋለሁ፣ እማ። የእኔ መስመር ከወንዶቹ ቀጥ ይላል፤ አስተማሪውም ይኼን ብሏል። በሱሪ ምክንያት መውጣት አልፈልግም።»

ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እስከዚያ ድረስ ብየዳውን የወደድኩላት እኔ ነበርኩ እንጂ እሷ እወደዋለሁ ብላኝ አታውቅም።

ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። መሬት መሬት ታያለች። ወጣቷ እናት ልጇን ታስተካክላለች። አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ምንድን ነው? ተናገሩ።»

ኮስታራዋ ናት የተናገረችው። «እኔ የልጆች ልብስ ነው የምሸጠው። እጣው ሁልጊዜ የትልቅ ሰው ሱሪ ያሳቅፈኛል። ይቺ ልጅ ያዘለችው ደግሞ የትልቅ ሰው ትሸጣለች፤ የሕፃን ሱሪ ያሳቅፋታል። ታዲያ እጣው ካለቀ በኋላ…»

«ካለቀ በኋላ ምን?»

«ከሸራው ጀርባ ሄደን እንለዋወጣለን» አለች ጎረቤቴ። «ከተውሽ ጊዜ ጀምሮ። እንዲያውም ከመተውሽም በፊት።»

«ሁላችሁም?»

«ካንቺ በቀር አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

ባለባጃጁ፣ «እኔ እንኳ አውቃለሁ፣ ማዘር» አለ። ሰውየው የሚጠብቀው ደንበኛ መጥቶ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ እሱ ግን መሄዱን ረስቶታል።

ሳቄ መጣ። ንዴቴም መጣ። ለካስ ስንት ዘመን እኔን ፈርተው እየተደበቁ፣ ለእኔ ሲሉ የማይሸጡትን ተሸክመው ከሸራ ጀርባ ሲዞሩ ኖረዋል። የደነገግሁት ጉልበተኛ እንዳይቀማ ነበር። በድብቅ ሲሆን ግን ማን ማንን እንደቀማ ማን ያያል? በጓዳ የሚደረግ መለዋወጥ ነው ደካማዋን የሚጎዳት። በአደባባይ ከሆነ ሁሉም ይሰማል፤ እምቢ ማለትም ይቻላል።

«እንግዲያው እዚሁ ይሁን» አልኩ። «ከመነሳታችን በፊት፣ ሁላችን እያየን። የያዘችው ካልፈለገች አትገደድም። ከሸራ ጀርባ ግን የሚሄድ የለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ጎረቤቴ፣ እያሾፈች። «እግሬ ዐረፈ።»

ወጣቷ እናት ወዲያው የልጆቹን ሱሪዎች ሰብስባ ወደ ኮስታራዋ ገፋች፤ ኮስታራዋ የወንዶቹን ገፋችላት። ግዙፉን ጂንስ ጎረቤቴ ፈለገችው፤ አንድ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ልኩን አጥቶ እየዞረ ነው አለች። ከዚያ ኮስታራዋ ጥቁር ሰማያዊውን አነሳችና ፊቴ አስቀመጠችው።

«ከስሶቹ አንድ ስጪኝ» አለች።

«ሁለት ውሰጂ።»

«አንድ ነው ያልኩሽ።»

«ይኼ ወፍራም ጥጥ ነው። ያ ላስቲክ ነው። አንድ ለአንድ ግፍ ነው።»

«ለአንቺ ላስቲክ ነው። ለእኔ ዛሬውኑ የሚወጣ ዕቃ ነው። ልጃገረዶቹ እሱን ነው የሚጠይቁኝ።»

«ሁለት ካልወሰድሽ አልወስድም።»

«ሁለት ከሰጠሽኝ አልሰጥም።»

ጎረቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «በዚህ ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ሰምቼ አላውቅም» አለች። «ተስማሙ እንጂ ልጅቷ ቆማለች።» በመጨረሻ ኮስታራዋ አንድ ስስና ጉልበቱ የተቀደደውን አንዱን ወሰደች። የተቀደደውን የልጅ ቁምጣ አደርገዋለሁ አለች። እኔም ፊቴን አላኮሳተርኩም፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

አንሶላ ወጥረንላት ልጅቷ ከኋላው ገብታ ለካችው። ስትወጣ ወገቡ ልክ ነው፤ ጭኑ ጋ ሰፋ ይላል፤ ቁስሉን አይነካውም። አሁን ነው ሥራው የሚጀምረው። ሱሪ ቆመው አይመረጥም። የማይለጠጥ ጂንስ ቆመሽበት ካማረና ስትቀመጪ ካነቀሽ ለግድግዳ የተገዛ ነው።

«ቁጢጥ በዪ» አልኳት። ቁጢጥ አለች። «በርከክ በዪ። እንደ ብየዳው ጎንበስ በዪ። እግርሽን አንሺ።» ከዓርብ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠነቀቅ ተቀመጠች፤ ያውም ሸራው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት።

«ትንሽ ይደርቃል» አለች።

«ይለመዳል። ስትለብሺው አንቺን ይማራል። ያኛው ግን ምንም አይማርም፤ ከሳምንት በኋላ ጉልበቱ ከረጢት ነው።»

እግሩ ይረዝማል። ጎንበስ ብዬ ወደ ላይ ልጠቀልለው ስል እጄን ያዘችኝ። «መጠቅለል አይሆንም፣ እማ። ጥቅልሉ ውስጥ ፍንጣሪ ይገባና ይቀመጣል። ወደ ውስጥ ታጥፎ መሰፋት አለበት።» ይህን አላውቅም ነበር። ቀጥታ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድን፤ እዚያው ቆመን ወደ ውስጥ አሳጠፍነው።

እሑድ ጠዋት አጥቤ ፀሐይ ላይ ሰጣሁት። ወፍራም ጥጥ ቶሎ አይደርቅም፤ ስናገላብጠው አረፈድን። ጥቂት እርጥበት እንዳለው ሻንጣዋ ውስጥ ገባ፤ ሚኒባሱ ጥሏት እንዳይሄድ እየሮጠች ወጣች።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ከእጄ አልለየሁም። ከዙህር ሶላት በኋላ ተደወለ።

«ገባሁ» አለች። «አስተማሪው በር ላይ ሱሪ እየሳበ ነው የሚያስገባን። የእኔን ሳበው፤ አልመጣለትም። ከየት አገኘሽው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«በእጣ አልኩት።»

«ብየዳውስ?»

«መስመሬ ቀጥ ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ተንቀጠቀጥኩ። ውጤቱ ገና ነው። ፍንጣሪው ጭኔ ላይ ሲወድቅ ግን፣ እማ፣ አልሮጥኩም። ትንሽ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ጠፋ።»

ውጤቱ ዘግይቶ መጣ፤ አልፋለች። ለአባቷ የነገረችው እሷ ራሷ ናት፤ ቁስሉንም፣ ማለፏንም በአንድ ላይ። እኔ እንድነግርላት አልጠየቀችኝም። ልጄ ሲያኮርፍ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን፣ የመስኮታችን ብረት ዝጓል፣ እስቲ ስትመጣ ትየው አለኝ።

ስትመጣ ብቻዋን አልመጣችም። ሁለቱን የክፍሏን ሴቶች አስከትላ ነው የገባችው፤ አንዷ አጭርና ሞላ ያለች፣ ሌላዋ እንደ ባሕር ዛፍ የቀጠነች። እነሱም ሱሪያቸው ተስቦባቸው ከበር ተመልሰው ነበር፤ የቀጣዩ ዙር ምዘና ሳይደርስ ጂንስ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሰልባጅ ተራ ይዣቸው ሄድኩ። ሴቶቹ ቦንዳ ፈትተዋል። አሁን መጀመሪያ በልክ ነው የሚለዩት፤ የልጅ ለብቻ፣ የሴት ለብቻ፣ የወንድ ለብቻ፤ ከዚያ ነው የሚመደበው። ልውውጡም እዚያው ሸራው ላይ ነው፤ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል።

አጭሯ ልጅ ወዲያው አንድ ስስ፣ የሚያምር ሱሪ አንስታ ደረቷ ላይ ለካችው። «ይኼስ፣ እማማ? ቀለሙ ያምራል።»

«ያምራል» አልኳት። «ለሠርግ ልበሺው። አሁን ግን በዚህ በኩል ያዢ፣ እኔ በዚያ በኩል እይዛለሁ። ሳቢ።»

ሳበች። መጣላት። የልጅ ልጄ ሳቀችና ከክምሩ ሥር ወፍራሙን ልትፈልግ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች።